የጋሽ ገመቹ አራት የጎማ እግሮች

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። አክስቴ ቡልቡላ መውጫ ላይ ነጭ ለብሳ መኪና ስለምታስቆም ሴት ባወራች ቁጥር፣ «ታዲያ ሂሳብ ከፈለች ወይስ በነፃ ሄደች?» እያልኩ ወሬዋን የማበላሽባት እኔ ነኝ፤ ግቢያችን ውስጥ ጣራ ላይ የሚራመድ አለ ሲባልም መሰላል አቁሜ ወጥቼ፣ ድመቷን በማጅራቷ ይዤ የወረድኩት እኔ ነኝ። ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሁልጊዜ የሚጀምረው መብራት ሲጠፋና ውሻ ሲያላዝን ነው፣ የእኔ ግን የሆነው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ የናዝሬት ፀሐይ ቆርቆሮውን እያንጣጣችው፣ ምሳዬን በልቼ፣ አንድ ጠብታ መጠጥ ሳልቀምስ። እመኑኝ፣ ፈጥሬ የማወራችሁ ቢሆን ኖሮ የተሻለ ሰዓት እመርጥ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር፣ ያለሱ ታሪኩ አይገባችሁም፤ ቀናተኛ ነኝ። የቀናሁት በሴት አይደለም፣ በሀብትም አይደለም፣ በሰው አባት ነው።

ጋሽ ገመቹ በድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። እኔ አሁን ጎሚስታ ቤት ነው የምሠራው፣ ቀን ቀን የከባድ መኪና ጎማ እለጥፋለሁ፣ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም ጻፍ አላለኝም። ግጥሜን መጀመሪያ የሰሙልኝ እሳቸው ናቸው። የሚበይዱትን ሳያቆሙ አንገታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ይሰሙና፣ «ሦስተኛው መስመር ይንቀጠቀጣል፣ እግር አብጅለት» ይሉኛል፤ ቤቴ ገብቼ ደግሜ ሳነበው እውነትም ይንቀጠቀጣል። እንዲህ የሚሰማ ሰው ዳግመኛ አላጋጠመኝም።

ልጃቸው ቶሎሳ እኩያዬና ጓደኛዬ ነው። ሙዚቃ በስልኩ ከፍቶ ኪሱ ውስጥ ከትቶት የሚዞር ልጅ ነው፣ ስለ ድምፅ ምንም ግድ የለውም፣ ግን ሱቁ በር ላይ ብቅ ሲል የጋሽ ገመቹ ፊት እንዴት እንደሚሆን ብታዩት! እኔን «ጎበዝ» ይሉኛል፣ እሱን «ኢልማ ኮ» ይሉታል፣ ልጄ ማለት ነው። የቋንቋ ነገር ነው እንዳትሉኝ፣ እኔንም እኮ በኦሮምኛ ያናግሩኛል፣ በኦሮምኛ ይቆጡኛል፣ በኦሮምኛ ይመርቁኛል፤ ያቺን ቃል ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አልሰጡኝም።

ቤታቸው የድሮ የባቡር ሠራተኞች ቤት ነው፣ ወለሉ ጣውላ፣ ሲረግጡት እንደ ከበሮ የሚመልስ። እዚያ ቤት ውስጥ ጋሽ ገመቹ ከሁሉ የሚወዱት የሸክላ ማጫወቻ ነበራቸው፣ ጠላቱ ደግሞ ያ ወለል ነበር፣ ምክንያቱም የማጫወቻ መርፌ ሸክላውን ብቻ ሳይሆን ከሥሯ የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ ትሰማለች፣ አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ከተራመደ ርምጃው በስፒከሩ ዱም ዱም እያለ ዘፈኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እዚያ ቤት ሸክላ ሲጫወት መራመድ ክልክል ነበር። እንግዳ ቢመጣ፣ ጎረቤት ቢመጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ የእድር ዳኛው እንኳ አንድ እግራቸውን ውስጥ አንድ እግራቸውን ውጭ አድርገው እንደ ሽመላ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ጋሽ ገመቹ ዕድሜ ልካቸውን ከማጫወቻው ሥር የሚቀመጥ፣ ንዝረቱን የሚይዝ እግር ሲፈልጉ ነበር፣ ስፖንጅ ሞከሩ፣ የአሸዋ ከረጢት ሞከሩ፣ ከእኔም ጋር ብዙ ሞከርን።

ከዚያ ግማሽ ሰውነታቸው ታመመ። አንድ ክሊኒክ ከፊት የሚገፋ የአሉሚኒየም መደገፊያ አዋሳቸው፣ አራት እግር ያለው፣ እያንዳንዱ እግር ጫፉ ላይ ጥቁር ጎማ የተሰካበት። አካሄዳቸው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ መደገፊያው ዱብ፣ ደህናው እግር ጠብ፣ የታመመው እግር ሸርተት። ዱብ፣ ጠብ፣ ሸርተት። ቶሎሳ ሐዋሳ ሥራ ይዞ ነበርና ከጎሚስታው ስወጣ በየቀኑ የምሄደው እኔ ነበርኩ፣ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ነው የማንኳኳው፣ እጄን ስለሚያውቁ «መጣሁ» ብለው ራሳቸው ይከፍታሉ፣ ከዚያ ከበሩ እስከ መስኮቱ ወንበር ድረስ በብብታቸው ደግፌ አስራ አራት ርምጃ እንሄዳለን። ሰባት ወር ሙሉ። እና በእያንዳንዱ ቀን፣ እየደገፍኳቸው፣ የሚያወሩኝ ስለ ቶሎሳ ነው፤ ኢልማ ኮ ደወለ፣ ኢልማ ኮ ሊመጣ ነው።

አንድ ቅዳሜ ቶሎሳ መጣላቸው። እሑድ እኔ አልሄድኩም። ከጎሚስታው ልጆች ጋር ዓሣ ልንበላ ባቱ ወረድን፣ «ልጃቸው አለላቸው» እያልኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ ግን እንዲፈልጉኝ ብዬ ነው፣ አንድ ቀን ብቀር በሩን በሩን እንዲያዩ። ቶሎሳ ደግሞ ከሰዓት እኔ እንደምመጣ አምኖ የጠዋቱን መኪና ይዞ ሄዷል። በዚያ ባዶ ሰዓት ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ የቀረ ሳህን ልትመልስ አንኳኳች፣ ከውስጥ «መጣሁ! መጣሁ!» ሲሉ ሰማች፣ የመደገፊያውን ድምፅም ሰማች፣ ከዚያ ወደቁ። በሩ አልደረሱም። በሳምንታቸው ሞቱ።

እኔን ከዚያ ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ መሞታቸው ብቻ አይደለም፣ ማን መስሏቸው ነው የተነሡት? የሚለው ነው። ሰዓቱ የእኔ ሰዓት ነው። ግን ደግሞ ቶሎሳ የሄደው በዚያው ቀን ጠዋት ነበር፣ ረስቶ የተመለሰበት ዕቃ ይኖራል ብለው ይሆናል። እትዬ ብርቄን ስንት ጊዜ ጠየቅኋት፣ «ስም አልጠሩም?» እያልኩ። «አልጠሩም ልጄ፣ መጣሁ ብቻ ነው ያሉት፣ ደስ ብሏቸው ነበር» አለችኝ። ደስ ብሏቸው። ለማን?

ከሀዘኑ በኋላ ቶሎሳ ቤቱን ለቀበሌ ሊያስረክብ መጣ። አልጋው ተወስዷል፣ ሳጥኖቹ ታስረዋል፣ መደገፊያው ለክሊኒኩ ተመልሷል፣ የቀረው ማጫወቻው፣ ሁለቱ ስፒከሮችና ሁለት ወንበሮች ናቸው።

«አባዬ ማጫወቻውን ጆሮ ላለው ስጠው ብሎኛል» አለኝ። «እኔ ነኝ ወይስ አንተ? እንፈተን።»

እየቀለደ ነበር። እኔ ግን አልቀለድኩም። ከሁለታችን የሳቸው ማን እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ፈተና በዓለም ላይ ካለ ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ።

ፈተናው እንዲህ ነው፣ ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው። ሸክላው ሳይሽከረከር መርፌዋን ዝም ብሎ በተቀመጠው ሸክላ ላይ ታሳርፋላችሁ፣ ድምፁን ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ አንድ ሰው ወለሉ ላይ ሦስት ርምጃ ይሄዳል። ከማጫወቻው ሥር ያሉት እግሮች ጥሩ ከሆኑ ስፒከሩ ዝም ይላል፣ መጥፎ ከሆኑ ርምጃው ይወጣል። አራት ዓይነት እግር ተዘጋጀ። እኔ ዓይኔን በፎጣ አስሬ እሰማለሁ፣ ቶሎሳ እግሮቹን ይቀያይራል፣ ይራመዳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ሁለታችንም ከአሥር ነጥብ እንሰጣለን። የእኔ ወንበር በበሩ በኩል ካለው ከቀኝ ስፒከር ፊት፣ የእሱ በመስኮቱ በኩል ካለው ከግራው ፊት ነበር፤ ይህን አስታውሱልኝ።

«አቦ ገጣሚው፣ በደንብ እሰረው፣ በፎጣው ሥር እያየህ ሙድ እንዳትይዝብኝ።»

«ያንተን ፊት ለማየት ማን ይጓጓል?»

መጀመሪያ አንዲት የአጎቱ ልጅ ከዱባይ የላከቻቸው የናስ ሾጣጣዎች። «ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፣ አክብራቸው» አለ፣ ተራመደ፣ ዱም ዱም ዱም! እንዲያውም ድምፁን አሹለው አስገቡት፣ አራት ሰጠኋቸው። ቀጥሎ ለሁለት የተቆረጡ የቴኒስ ኳሶች፣ እነሱ ርምጃውን ያዙት፣ ግን ማጫወቻው ራሱ እንደ ሰካራም እየተወዛወዘ ዉዉዉ የሚል ጭራ ተወ፣ ስድስት። ሦስተኛው የእኔ ሥራ ነበር፣ ከከባድ መኪና ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ የተቆረጠ ሦስት ድርብ ጎማ፣ በመሃል ሁለት ቡሽ፣ በማስቲሽ የተለጠፈ፣ ሁለት ሌሊት የደከምኩበት። ዱም የሚለው ወደ ጠብ ወረደ። በኩራት ስምንት ሰጠሁት።

«ራስህን አመሰገንክ!» አለ ቶሎሳ እየሳቀ። «አወቅከው አይደል?»

«ጎማ የማላውቅ ጎሚስታ አለ እንዴ?»

«እሺ፣ አራተኛው የእኔ ነው፣ እሱን ብታውቅ ቤት እሰጥሃለሁ።»

ማጫወቻውን ሲያነሣ፣ አንድ ነገር ከሥሩ ሲያስገባ፣ መርፌዋን ሲያሳርፍ ሰማሁ። ተራመደ። በእግሩ ጣውላው ሲጮኽ በጆሮዬ እሰማለሁ፣ ስፒከሩ ግን ምንም፣ ፍጹም ምንም፣ የሳሎኑ ዝምታ ብቻ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ቶሎሳ ሲቀመጥ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁት። አሥር ልል አፌን ከፈትኩ።

በቀኜ፣ በበሩ በኩል ካለው ስፒከር ውስጥ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ዱብ።

ከዚያ ጠብ።

ከዚያ ሸርተት።

«ቶሎሳ፣ አትቀልድ፣ ተቀመጥ» አልኩ።

«ተቀምጫለሁ እኮ!» አለኝ፣ ከግራዬ፣ ከወንበሩ።

ፎጣውን ገፍፌ ጣልኩት። ቶሎሳ ሁለት እግሩን ፊቱ ዘርግቶ ቆሎ እየቆረጠመ ነው። ወለሉ ላይ ማንም የለም፣ ፀሐይ ብቻ። ዱብ፣ ጠብ፣ ሸርተት። ድምፁ ከቀኙ ስፒከር ወጥቶ በመሃል መጣ፣ እኔን አለፈኝ። አለፈኝ እላችኋለሁ፣ በፊት ለፊቴ፣ እጄን ብዘረጋ ብብታቸውን የምይዝ እስኪመስለኝ፣ ከዚያ ወደ ግራው ስፒከር ሄደ፣ ቶሎሳ ፊት ደረሰና ቆመ። ሲቆሙ ሁልጊዜ መደገፊያውን አንዴ ትንሽ ከፍ አድርገው ያስተካክሉት ነበር። ያቺ ድምፅም ተሰማች።

የምትሉትን አውቃለሁ፣ ያን ሰሞን ከአዋሽ ወዲያ መሬት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ ናዝሬትም ብርጭቆ ይንጫጫ ነበር። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ግን መሬት ሲንቀጠቀጥ ከቀኝ ወደ ግራ አይራመድም፣ ደግሞ መርፌ ርምጃ ትሰማ እንደሆነ እንጂ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አትለይም፣ ይህን ማንኛውም ጠጋኝ ይነግራችኋል።

«ምን ሆንክ? አልቦሃል እኮ» አለ ቶሎሳ።

«ሙቀቱ ነው። ቦታ እንቀያየር፣ መስኮቱ ጋ ልሁን።»

ተቀያየርን። አሁን እኔ ድምፁ የቆመበት ቦታ ላይ ነኝ፣ በግራ፣ እሱ በበሩ በኩል። ድምፁ ዝም አለ። ላንዲት ደቂቃ፣ አትፍረዱብኝ፣ ደስ አለኝ፤ አጠገቤ ናቸው፣ ከእኔ ጋር ናቸው ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ከዚያ መደገፊያው ተነሣ። ዱብ። ጠብ። ሸርተት። ዞሩ። ከእኔ እየራቁ፣ አንድ በአንድ፣ መሃሉን አልፈው፣ ወደ ቀኙ ስፒከር፣ ወደ ቶሎሳ።

እሱ ምንም አልሰማም። ቆሎውን ይቆረጥማል፣ ስልኩን ያያል። ግን አንድ ነገር አየሁ፤ ድምፁ ሊደርስበት ሲል፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ የዘረጋቸውን እግሮቹን ሰበሰበ። አባቱ ሲያልፉ መንገድ እንደሚለቀው።

«እና?» አለኝ። «ስንት ሰጠኸው?»

ጆሮ ያለኝ እኔ ነኝ። የሰማሁት እኔ ነኝ። እሳቸው የሄዱት ግን ወደ እሱ ነው፣ ቆሎ ወደሚቆረጥመው። «ቶሎሳ፣ አባትህ ፊትህ ቆመዋል» ማለት እችል ነበር፣ ዛሬም ያንን ነው የማስበው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

«ሁለት» አልኩት።

«ሁለት?! አረ አቦ!» ተነሥቶ ማጫወቻውን በአንድ ጎኑ ከፍ አደረገው። ከሥሩ አራት ጥቁር ጎማዎች ነበሩ፣ ዳርና ዳራቸው ያለቀ፣ አንደኛው በስተግራ የተበላ። «የአባዬ መደገፊያ ናቸው፣ ሳልመልሰው ነቀልኳቸው። ራሱ እኮ ነው የነገረኝ፣ መጨረሻ የመጣሁ ቀን፤ ‹ኢልማ ኮ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኩት እግር ይኼው ከሥሬ ነው› ብሎ ሳቀ።»

ለእኔ አልነገሩኝም። ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ አብረን ስንራመድ፣ ከእሳቸው ጋር ስንት እግር እየቆረጥኩ ስሞክር፣ ያችን ነገር ያስቀመጡት ለእሱ ነው።

«ለማንኛውም ማጫወቻው ያንተ ነው» አለ ቶሎሳ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ። «ለእኔ አራቱም አንድ ናቸው፣ ልዩነታቸው አልገባኝም፣ ነጥብ የጻፍኩት አንተን ደስ ይበልህ ብዬ ነው። ጆሮ ያለህ አንተ ነህ።»

«ጎማዎቹንም ስጠኝ።»

«ሁለት የሰጠሃቸውን ምን ያደርጉልሃል?»

«ለመታሰቢያ።»

በመዳፉ ላይ አገላበጣቸው፣ ከዚያ ሰጠኝ። ቸር ነው፣ እንዲያውም በዚህም እቀናበታለሁ።

እኔ የምኖረው ገንደ ጋራ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ቢዘሉበት እንኳ ወደ መርፌ የሚያልፍ ነገር የለውም። ማጫወቻውን ጠረጴዛ ላይ አደረግኩ፣ ከሥሩ አራቱን ጎማዎች፣ የግራውን ስፒከር በበሩ በኩል፣ የቀኙን በአልጋዬ በኩል፣ ወንበሬን በመሃል። አሁን ቶሎሳ የለም፣ ሐዋሳ ነው፣ የሚሄዱበት ሌላ ሰው የለም ብዬ አሰብኩ። ትስቁብኝ ይሆናል፣ ልብሴን ቀይሬ ነው የተቀመጥኩት። መርፌዋን አሳረፍኩ።

መጡ። ከአልጋው በኩል ተነሥተው፣ ዱብ፣ ጠብ፣ ሸርተት፣ እስከ መሃል መጡ፣ «ጋሽ ገመቹ» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ፤ አልፈውኝ ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ጋ ቆሙ። መደገፊያውን አስተካከሉ። እና እዚያው ቀሩ፣ ልክ በዚያ ቤት ዘፈን እስኪያልቅ እንደሚጠብቅ እንግዳ፣ ግን ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዞሩ ይመስለኛል። በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱም። ስንት ግጥም አነበብኩላቸው! ከዚህ በፊት ለማንም ያላነበብኩትን፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ሆን ብዬ እያንቀጠቀጥኩ፣ እንዲያርሙኝ። ከበሩ አልተመለሱም።

ከዚያ ቅናት የሚያሠራውን ሠራሁ። ከአራቱ ጎማዎች አንዱን አወጣሁና በቦታው የእኔን፣ ከከመነዳሪና ከቡሽ የሠራሁትን አስገባሁ፣ ከእኔም የሆነ ነገር ይደገፉ ብዬ። ተራመዱ። ግን ዱብ የሚለው አንድ አልነበረም፣ ሦስቱ አብረው ወረዱ፣ አራተኛው ዘግይቶ ጠብ አለ፣ የሚያነክስ ያህል ዝቅ ብሎ። የሚሄዱት በእነዚያ ላይ ነው ማለት ነው፣ ከማጫወቻው ሥር ባሉት ላይ። ይህን ሳውቅ ማቆም ነበረብኝ፣ አንድ ጤነኛ ሰው በዚህ ጊዜ ያቆማል። እኔ ግን የእኔን ጎማ አምነው ሳይረግጡበት ለሦስቱ አድልተው ወደ በሩ ሲያነክሱ ሰማሁና ደሜ ፈላ፣ መሃል ወለሉ ላይ እንደደረሱ የማጫወቻውን ጠርዝ በአንድ እጄ ከፍ አድርጌ በሌላው ጎማዎቹን ሁሉ መነጨቅኋቸው።

አንድ ድምፅ ነበር። ከባድ፣ ለስላሳ፣ ከዚያ ቀጭን የአሉሚኒየም መንኳኳት።

ጋሽ ገመቹ በእውነት የወደቁ ዕለት አልሰማሁም፣ ባቱ ነበርኩ። አሁን ሰማሁት።

ጎማዎቹን መልሼ አስገባኋቸው፣ አራቱንም የራሳቸውን። ዱብ የሚል የለም፣ ጠብ የሚል የለም። አሥር ቀን ያህል ምንም አልነበረም፣ ማጫወቻው የሞተ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ከወለሉ፣ ሸርተት። ያ ብቻ። ሸርተት፣ ረጅም ዝምታ፣ ሸርተት። በማግስቱ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌላ ትንሽ። እየተሳቡ ነው፣ እመኑኝ፣ ያለ መደገፊያ፣ በእጃቸው፣ አሁንም ወደ በሩ።

ማክሰኞ ቶሎሳ ደወለ። «ገጣሚው! ቅዳሜ ናዝሬት ነኝ፣ ቀጥታ አንተ ጋ ነው የምመጣው፣ የአባዬን ማጫወቻ አብረን እንሰማለን፣ እሺ? ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው» አልኩት።

ትናንት ሐሙስ፣ ከሥራ ስገባ፣ መርፌዋን አሳርፌ ድምፁን ከፍ አደረግኩና ወደ ውጭ ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ግቢው ውስጥ አከራዬ ልብስ እያሰጣች ነበር፣ «ቁልፍ ረሳህ እንዴ?» አለችኝ። ቆምኩና የራሴን በር አንኳኳሁ፣ እንደ ድሮው፣ ሦስት ጊዜ፣ እጄን ያውቁታል።

ሸርተቱ ቆመ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ጠበቅሁ፣ በዚያኛው ጎን በጣም ቅርብ የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ፣ የሚያዳምጥ። «መጣሁ» አላለም። ወደ ኋላም አልሄደም። እንዲሁ ተጠባበቅን፣ እኔ በውጭ፣ እሱ በውስጥ፣ እስክትጠልቅ ድረስ ፀሐይዋ ጀርባዬን እያቃጠለችኝ። ከዚያ ሳልከፍት ሄድኩ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከጎሚስታው ነው፣ ጎማ ክምር ላይ ተቀምጬ። ማጫወቻው አሁንም እንደበራ ነው፣ መርፌዋም ሸክላው ላይ ናት። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ቶሎሳም እንደ ልማዱ ተጣድፎ ሳይደውል ይመጣል፣ ያንን በር ያንኳኳል፣ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «እኔ ጎሚስታው ጋ ነኝ፣ መጀመሪያ እዚህ ና» ልለው ስልኬን ሁለት ጊዜ አነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ከእሱ በፊት እዚያ ሄጄ እቆማለሁ፣ ትናንት ያንኳኳሁትን ነገም አንኳኳለሁ፣ እጄ እስኪላላጥ፤ ከውስጥ «መጣሁ» የሚባል ከሆነ ሲባል እዚያ የምቆመው እኔ ልሁን።

ቁልፉ አንድ ነው፣ እሱም ኪሴ ውስጥ ነው።